የገመቹ ጥቁር ዱቄት

ይህን ለንስሐ አባቴም ለሚስቴም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። እናንተ ስሙኝ፤ እኔ እንኳ ሳስታውሰው ዛሬም ድረስ ክው እላለሁ።

በደርግ ጊዜ አሰላ ፊዚክስ አስተምር ነበር። የጢቾው ልጅ ገመቹ ደግሞ ኬሚስትሪ ያስተምራል፤ የልብ ጓደኛዬ ነበር። እኔ ለተማሪዎቼ "ፕላስቲክና መሰሎቹ ኤሌክትሪክ አያሳልፉም፣ አለቀ!" እላለሁ። ገመቹ ከማቅለሚያ ኬሚካል አንድ ጥቁር ዱቄት ሠራና እንደ ኪኒን ጠፍጥፎ፣ እኔው ባዋስኩት ባትሪና አምፖል መሀል አስገባው። ምንም የለም። ሳቅሁበት። እሱ ምን ተዳው! ዱቄቱን በአሲድ አርሶ፣ አድርቆ፣ እንደገና ጠፈጠፈው። አምፖሏ በራች!

"ሞለኪዩሉን እኮ ነው የለወጥኩት። ሃይድሮጅን ሲጨመርበት ለኤሌክትሮኑ መንገድ ይከፈትለታል" አለኝ። መምህራኑ ሁሉ አጨበጨቡለት። እኔማ ቀናሁ። ሰው እንዴት በአምፖል ይቀናል?

በዚያ ዘመን ሂስና ግለሂስ የሚባል ስብሰባ ነበረብን፤ ሰው ሁሉ የራሱንም የባልደረባውንም ጥፋት ተነሥቶ መናገር አለበት። እኔና ገመቹ አስቀድመን እንመካከርና ጉዳት የሌላት ሂስ ተሰጣጥተን እንወጣለን። የዚያን ቀንም እሱ በተባባልነው መሠረት "ጠመኔ ያባክናል" አለኝ። እኔ "ያረፍዳል" ልለው ነበር። ተነሣሁና "ጓድ ገመቹ ቤተ ሙከራ ቆልፎ ጥቁር ዱቄት ይቀምማል፤ ከባትሪ ጋርም ያያይዘዋል" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት! ላሳፍረው? ላሳጣው? እንጃ።

ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ ብድግ አለ። "ፈንጂ ነው?"

ደነገጥኩ። "ኧረ ጓድ፣ የትምህርት ሙከራ ነው" ማለት ምን ነበረበት? ቁጭ አልኩ። ያጨበጨቡት መምህራንም አቀረቀሩ። ካድሬው ወደ ገመቹ ዞሮ "ባትሪውን ማን ሰጠህ?" አለው። ገመቹ ቀና ብሎ አየኝ።

"ማንም" አለ። ከዚያው ይዘውት ወጡ።

ሰንብቶ እናቱ ከጢቾ መጡ። "ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ጓደኛው አንተ ነህ አሉኝ። ምን አጠፋ?"

"አላውቅም፣ እማማ።"

"እኔን ከበር መለሱኝ። አንተ አስተማሪ ነህ፣ ይሰሙሃል። እንዳይርበው ይችን አድርስልኝ፣ አደራ" ብለው በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ ሰጡኝ። መርቀውኝም ሄዱ። እኔን መረቁኝ!

እስር ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሄድኩ። "ምኑ ነህ?" ቢሉኝስ ብዬ ተመለስኩ። ገመቹም ከዚያ ሳይወጣ ቀረ።

ዘመኑ ነው፣ ካድሬው ነው አልልም። ይቅር በሉኝም አልልም፤ እናንተን አልበደልኩም። ጩኮውን ቤቴ ገብቼ፣ በሬን ዘግቼ በላሁት። በላሁት እኮ! ደግሞ ጣፈጠኝ።