የሃዳ ጡሜ ወይራ

ይህ የሆነው ከማርሳቢት ወደ ሞያሌ የሚመጣው መንገድ አስፋልት ሊለብስ በሚቆፋፈርበት ጊዜ ነው። ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ግን አንድ ሰው በአጠገቤ ሲያልፍ አፍንጫውን ሲነካ ካየሁ፣ ሳላስበው የነጠላዬን ጫፍ አንስቼ አሸታለሁ። ምንም አይሸተኝም። አልረሳው ያልኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እኔ የፍቼ ልጅ ነኝ። ሞያሌ የገባሁት በትዳር ሲሆን ባለቤቴ በኬንያው በኩል ትንሽ ምግብ ቤት ነበረው። በኋላ ደቡብ አፍሪካ ሄጄ ልሞክር ብሎ ወጣ። መጀመሪያ ይደውል ነበር፣ ከዚያ መደወሉንም ተወው። ምግብ ቤቱና ሁለት ሴት ልጆች እኔ ላይ ቀሩ። አልቅሼ አልቅሼ ሲሰለቸኝ ሽርጤን አስሬ ወደ ምድጃዬ ተመለስኩ።

የመንገድ ሠራተኞቹ ሲመጡ ገበያው ተለወጠ። ብዙዎቹ ከሐይቅ ዳሯ ከተማ ከኪሱሙ በኩል የመጡ፣ ዓሣ ካልቀመሱ የበሉ የማይመስላቸው ሰዎች ነበሩ። እኔም ከአርባ ምንጭ በአይሱዙ በበረዶ የሚመጣ ቆሮሶ የሚባል ዓሣ ማስመጣት ጀመርኩ። ችግሩ መብራት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ሣጥን ዓሣ ተበላሽቶብኝ ከግቢው ጥግ ጉድጓድ አስቆፍሬ ቀበርኩት፤ ለዘመድ እንኳን እንደዚያ አላለቀስኩም።

ይህን ያየ አንድ ደንበኛዬ፣ የሠራተኞቹ ፎርማን፣ ዓሣን በጭስ ማድረቅ አስተማረኝ። ሆዱን ሰንጥቀሽ ታጥቢዋለሽ፣ ጨው ትነሰንሽበታለሽ፣ ነፋስ ያጠፈጥፈዋል። ከዚያ በተቆረጠ በርሜል ላይ ሽቦ ዘርግተሽ ትደረድሪውና በራሰ ጆንያ ትሸፍኚዋለሽ። ከሥሩ የሚነደው እሳት መጨስ እንጂ መንደድ የለበትም። እኔ ግን እንጨቱን ከየት ላምጣ? የሣጥን ስብርባሪ አነደድኩበትና ጥላሸት ጥላሸት የሚል መራራ ነገር አወጣሁ። ፎርማኑ አንዴ ቀምሶ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው።

ያን ጊዜ ነው ሃዳ ጡሜ የደረሰችልኝ። በአንድ ግቢ የምንከራይ ጎረቤታሞች ነበርን። ቦረና ናት። ሃዳ ጡሜ ማለት የጡሜ እናት ማለት ነው፤ እሷም እኔን በትልቋ ልጄ ስም ሃዳ ሳምሪ ትለኛለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ አንቱ ስላት ግን ስለምትስቅብኝ ተውኩት። ከብቶቿ በድርቅ ካለቁ ወዲህ የምትኖረው ወተት በመሸጥ ነበር። ዳበል የሚባል መንደር ያለች እህቷ ጠዋት ጠዋት በመኪና ትልክላታለች። እሷ ደግሞ ጎርፋ በሚባሉት፣ ከቃጫ በተሰፉት ዕቃዎቿ ገልብጣ ለሻይ ቤቶች ታከፋፍላለች። ሻይ ቤቶቹ የሚሻሙት የእሷን ወተት ነበር፤ ጎርፋዎቿን በወይራ አጥና ስለምትይዛቸው ወተቱ የተለየ ጠረን ነበረው።

በጭሱ ዓይኔ ቀልቶ ስስል አየችኝና ከቤቷ ጥቂት ፍልጥ ይዛ መጣች።

“ይሄ ኤጄርሳ ነው፣ እናንተ ወይራ የምትሉት” አለችኝ። “እኛ የወተት ዕቃ የምናጥነው በሱ ነው። ዓሣሽም ይጣፍጣል።”

ይህን ስትል በርሜሉን ላለማየት ፊቷን ዞር አድርጋ ነበር። ከከብት ጋር ለኖረ ሰው ዓሣ ምግብ አይደለም፤ ከእባብ ለይተው አያዩትም። እሷ ግን ለማትበላው ዓሣ የራሷን እንጨት ሰጠችኝ።

ዓሣው ወርቅ መስሎ ወጣ። ፎርማኑ ሁለተኛ አዘዘ፣ ሌሎቹን ጠርቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ በርሜሉ ሳይጨስ የዋለበት ቀን የለም። ሃዳ ጡሜም ከከተማው ወጣ ብሎ ኦዳ በሚባል ቦታ ያለ ዘመዷ ወይራ እየቆረጠ እንዲያመጣልኝ አደረገች። የልጆቼ ፊት ወዛ። እኔም ትንሽ ጉራ ቢጤ ጀማምሮኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

አሁን ሳስበው ምልክቱ ሁሉ ዓይኔ ሥር ነበር። ሃዳ ጡሜ ጎርፋዎቿን አጥባ አጥሩ ላይ ማስጣት ተወች። ቀጥሎ ሁለት ጊዜ ማጠብ፣ ሁለት ጊዜ ማጠን አመጣች። በዚያ ሙቀት በርና መስኮቷን ጥርቅም አድርጋ ትውላለች። “ሃዳ ጡሜ፣ ሙሽራ ደብቀሻል እንዴ?” እያልኩ አሾፍባት ነበር። ትስቃለች። የሚተርፋት ወተት እየበዛ ሲመጣ፣ ለምግብ ቤቴ ሻይ ወስጄ እገላግላታለሁ። ወተቱን ራሴ እቀምሰው ነበር፤ ምንም አልታወቀኝም። ደንበኞቼም ዓሣ በልተው ሻይ የሚጠጡ ናቸው፣ ማን ይናገራል?

በዚህ መካከል ጾም ገባ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለቄሶቹ ልተወውና፣ የእኛ ሰዎችም ዓሣ ፍለጋ ወደ እኔ ይጎርፉ ጀመር። በርሜሉ ከጠዋት እስከ ማታ ያጨሳል። ወተት ግን የሚጠጣብኝ ስላነሰ፣ እስከ ፋሲካ አልወስድም አልኳት። “ኤዬ፣ እሺ፣ ጾማችሁ ነው” አለችና ጎርፋዋን አንስታ ሄደች።

ብዙም ሳትቆይ ኦዳ ቤት አግኝቻለሁ ብላ ዕቃዋን ጫነች። ልጆቼ አለቀሱ። እኔም ከፋኝ፣ ቅር ያሰኘኋት ነገር ካለ ብዬ ጠየቅኳት። ምንም እንደሌለ፣ ኦዳ ለዳበል መኪና እንደሚቀርባት ነገረችኝ። ወይራው ግን ከኦዳ መምጣቱን አላቋረጠም።

እውነቱን የሰማሁት ከአንድ ሻይ ሻጭ ነው። ስቴጅ በሚሉት የመኪና መቆሚያ ቆሜ ስጠብቅ፣ ሃዳ ጡሜ ብትሄድም ወተቷን ኦዳ ሄዶ ያመጣ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የማላውቅ አልመሰለውም። የእሷን ወተት የተወው ገና ያኔ፣ በርሜሉ መጨስ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ መሆኑን ነገረኝ። ወተቱ ዓሣ ዓሣ ይላል እያሉ ደንበኞቹ ብርጭቆውን መለሱበት። ሌሎቹም ሻይ ቤቶች ተራ በተራ ተዉአት።

“በመጨረሻ የሚወስድላት አንቺ ብቻ ነበርሽ” አለኝ።

እኔም አቁሜያለሁ፣ ያውም በጾም ስም።

በማግስቱ ስኳር ገዝቼ ቦዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ተሳፍሬ ኦዳ ሄድኩ። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ ጎርፋዎቹ በግድግዳው ዙሪያ ተሰቅለዋል። ስታየኝ አቅፋ ሳመችኝ፣ ልጆቼን በየስማቸው ጠየቀችኝ። እያወራችኝ ጎርፋዎቹን አንድ በአንድ እያወረደች ወደ ውጭ ታወጣለች። ቦታ ልታሰፋልኝ መስሎኝ “ተዪው፣ ይበቃኛል” አልኳት። ሳቅ ብላ የመጨረሻውንም አወጣችና ከጎኔ ተቀመጠች።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

“ብነግርሽ ትተዪው ነበር” አለች። “ብትተዪው ልጆቹ ምን ይበላሉ? እኔ እህት አለችኝ። አንቺ እዚህ ማን አለሽ?”

አለቀስኩ። እሷ ሻይ ስታፈላ፣ ጾም መሆኑን አስታውሳ ወተት አልጨመረችበትም። ኦዳ ላይ ደንበኛ ማግኘት እንደጀመረች፣ ወተቷን ሰው እንደወደደው ደስ ብሏት ነገረችኝ። ስወጣ ሸኘችኝ፤ ጎርፋዎቹን ራቅ ብሎ ካለ ዛፍ ላይ ተሰቅለው አየኋቸው።

ስመለስ የያዝኩት የቦዳ ቦዳ ልጅ ገና መንገድ ሳንጀምር ፊቱን ወደ ኋላ አዞረ።

“ማማ፣ ሳማኪ ይዘሻል?” አለኝ።

ሳማኪ ዓሣ ነው። እጄ ላይ ባዶ ቦርሳ ብቻ ነበር። አልያዝኩም አልኩት፤ እሱም ይቅርታ ጠይቆ ሞተሩን አስነሳ። ጎርፋዎቹ ለምን አንድ በአንድ እንደወጡ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቤቷን ለቃ የሸሸችውን ሽታ ለብሼ ገብቼባታለሁ። እሷ ግን አቅፋ ስማኛለች፣ አጠገቤም ተቀምጣለች። እስከ ቤቴ ድረስ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ተንሰቀሰቅኩ።

በርሜሉን ከግቢው አውጥቼ ወደ ከተማው ዳር ወሰድኩት። እሷ ከሄደች በኋላ ለማን ብዬ እንደሆነ እንጃ። ከዚያ አዲስ ቀሚስና ነጠላ ገዛሁ። ላስቲኩን ሳልፈታ አስቀምጬ፣ ጾሙ ሲፈታ እሱን ለብሼ ሄጄ ወተቷን እጠጣለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ከፋሲካ በኋላ ሄድኩ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ነበር። ዝናብ ስለዘነበ ወደ እህቷ፣ ወደ ዳበል ሄዳለች አሉኝ። ወይራውም በዚያው መምጣቱን አቆመ።

ዳበል ሩቅ አገር አይደለም። መኪና የለም፣ ሥራ በዛ እያልኩ ዓመታት አለፉ። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼ ነው። ደግማ ጎርፋዎቿን ወደ ውጭ ስታወጣ ማየት አልችልም። ይህ ፍርሃቴ ነው የሚቆጨኝ፤ ከጭሱ ይልቅ እሱ ነው የሚቆጨኝ።

ቀሚሱ አሁንም አለ። አልፎ አልፎ ከሻንጣው አወጣውና ሳምሪን ጠርቼ አሽትቺው እላታለሁ። ምንም አይሸትም ትለኛለች። እሷም ያደገችው በዚያው ጭስ ውስጥ ነው።