የአንድ በግ ልዩነት

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ድምፅ አልሰጥ ስላለኝ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድሁት። ጠጋኙ ልጅ እግር ነው፤ ስልኩን አገላብጦ አየና፣ "አባባ፣ ይህን ከማሠራት አዲስ መግዛት ይረክስዎታል" አለኝ። አባባ ማለቱን ይቅር ብዬዋለሁ። ከራሱ በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ስለ ሁለት ታላላቅ መንግሥታት ጠብ ያወራል። አንደኛው ሌላኛውን፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃህን አገርህ ውስጥ ከምትሸጥበት ዋጋ አውርደህ እኔ ገበያ ላይ እየደፋህ ፋብሪካዎቼን ልታዘጋ ነው ብሎ ከሶታል። ተንታኙ ነገሩ የዘመናችን አዲስ ፈተና እንደ ሆነ ያስረዳል። ምሁር ነገሩ አዲስ ነው ሲለኝ፣ አያቱን ጠይቆ እንደማያውቅ ይገባኛል። ይህን ክርክር እኔ ላሊበላ፣ ከወይራ ሥር ቁጭ ብዬ ሰምቼዋለሁ። ቁጭ ብዬ ማለቴ እንኳ ለአነጋገር ነው፤ በዚያ ዕድሜዬ የሚያስቀምጠኝ ነገር አልነበረም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ትምህርት ጨርሻለሁ፣ ሥራ የለኝም፣ ዛሬ ወይ ነገ ለዘመቻ ያፍሱኛል እያልሁ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እነሣለሁ። የምውለው በእናቴ ወንድም በአያ ፈንቴ ሱቅ ነበር። አያ ፈንቴ በጦር ሠራዊት መገናኛ ክፍል አገልግሎ የተመለሰ፣ የሞቱ ራዲዮዎችን አንጀት ለቃቅሞ አንድ ሕያው ራዲዮ የሚያወጣ ሰው ነበር። ሣጥኑን መቋሚያ የሚጠርብ አናጢ ከእንጨት ይሠራለታል። ራዲዮው እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ዜና አንባቢው ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ቢበላሽ ግን ሠሪው እዚያው ነው። ገዢው የሚመጣው ለገና በዓል ነበር። ተሳላሚው ከየአውራጃው ሲጎርፍ ያን ሰሞን የሸጠ ዓመቱን ይበላል፤ ያልሸጠ ሱቁን ይዘጋል።

በዚያ ዓመት፣ ኅዳር ሲጋመስ፣ አቶ አራጌ የሚባል የወልድያ ነጋዴ መጥቶ ከገበያው አፍ ላይ ሱቅ ተከራየ። ይዞ የመጣው ቀይ የፕላስቲክ ራዲዮ ነው፤ ከእጅ መዳፍ ጥቂት ይበልጣል፣ ድምፁ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ። ዋጋው ግን አያ ፈንቴ ለዕቃና ለአናጢ ከሚያወጣው እንኳ ያንስ ነበር። አጎቴ ከሱቁ ደጃፍ እስከ አናጢው በር ይመላለስ ጀመር። እኔም ከኋላው። ዕቃው በኮንትሮባንድ የገባ ነውና ለካድሬው እንንገር አልሁት።

"ሰውየውን ያስሩታል፣ ራዲዮውን ይካፈሉታል" አለኝ ሳይቆም። "ነገ ደግሞ፣ ያንተስ ዕቃ ከየት መጣ ይሉኛል። እኔ የምከሰው ዋጋውን ነው፣ ሰውየውን አይደለም።"

ስለዚህ ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከወይራው ሥር ተቀመጡ፤ ሰብሳቢው መሪጌታ ክንፉ ነበሩ። አቶ አራጌ ነጠላውን አሳምሮ ቆመና፣ በርካሽ መሸጥ ከመቼ ወዲህ ኃጢአት እንደ ሆነ ጠየቀ። የከበበው ሰው አጉረመረመ፤ እውነት ለመናገር ግማሹ ቀዩን ራዲዮ ገዝቷል። መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰሱ።

"ማርከስህስ ደግ ነው" አሉት። "ያገርህ ሰው ግን አይከፋውም? ወልድያ ላይ በስንት ትሸጠዋለህ?"

"ያው ነው፣ አባቴ።"

እንግዲያው ሰው ይላክ ተባለ። ስሜ ሳይጠራ ተነሥቻለሁ።

የቀበሌው የይለፍ ወረቀት "ለዘመድ ጥየቃ" ይላል። በሶዬን ይዤ በእግሬ ወደ ደጋው፣ ወደ ኩልመስክ ወጣሁ። የገብሱ አገዳ በውርጭ ነጥቷል፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ያደርሁበት ቤት ትኩስ የገብስ ቂጣ በተልባ አበሉኝ፤ ዛሬ በየሆቴሉ ከሚቀርብልኝ ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ፣ ምናልባት ምግቡን ሳይሆን ርሃቤን ናፍቄ ይሆናል። በማግሥቱ ከጭነት መኪና ላይ፣ ከእህል ጆንያ ጋር እየተላጋሁ ቁልቁል ወረድሁ። ኬላ ላይ ጠባቂው የበሶ ከረጢቴን በትኖ የተከለከለ ወረቀት ፈለገበት። ወልድያ ስገባ ሞቀኝ፤ መንገዱ ሁሉ የሸንኮራ ልጣጭ ነበር።

የአቶ አራጌን ሱቅ የምትጠብቀው ባለቤቱ ነበረች፤ ቀልጣፋ ሴት ናት። ገዢ መስዬ ያንኑ ቀይ ራዲዮ አነሣሁ። የነገረችኝ ዋጋ ከላሊበላው በአንድ በግ ዋጋ ይበልጣል። ለመንኋት፣ ተለማመጥሁ፣ ወጥቼ ተመለስሁ።

"አራጌ ይሙት፣ ከዚህ አይወርድም" አለችኝ። "ይልቅ ፊትህ ደክሟል፤ ውኃ ጠጣ።"

ውኃውን ጠጥቼ፣ ማስረጃዬን ይዤ ተመለስሁ።

በተከታዩ እሑድ ቃሏን እንዳለ ተናገርሁ። አቶ አራጌ ሳቀ፤ ሴት ገበያ ላይ ያልሆነውን ትላለች አለ።

"እንግዲህ አንዱን ምረጥ" አሉት መሪጌታ። "ወይ ዋጋው እውነት ነው፤ ወይ ባለቤትህ ለአንድ ራዲዮ ብላ በሞትህ በሐሰት ምላለች።"

ወይራው ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አራጌ ነጠላውን አስተካከለ።

"እውነት ነው" አለ በመጨረሻ። "የወልድያ ሰው ለምዷል፣ አይከራከረኝም። እዚህ ገና ሳስለምድ ብከስር ኪሳራው የኔ ነው።"

"ኪሳራው ያንተ" አለ አያ ፈንቴ፣ "ቀብሩ የኔ።"

ፍርዱ ብዙ አልቆየም፦ አራጌ በዋጋው ላይ የአንድ በግ ያህል ይጨምር። በደስታ ልበር ደረስሁ። የዘነጋሁት ያገሬን ወግ ነበር። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ፈርዶ አይነሣም፤ ከፈረደ በኋላ የረታውን ሰው ይለምናል።

"ስለ እግዚአብሔር ብለህ፣ ከበጉ እኩሌታውን ተውለት" አሉት መሪጌታ አጎቴን።

"ስለ እግዚአብሔር ትቻለሁ።"

"ስለ ጻድቁ ላሊበላ ብለህስ?"

አጎቴ ወደ እኔ አየ። የገና በዓል ሊደርስ ነው። "ትቻለሁ" አለ።

ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ በሙሉ ተነሥተው ቆሙ፤ መሪጌታ ጥምጥማቸውን አወለቁ። "እኛስ ለደከምንበት?" ሽማግሌ ቆሞ ሲለምነው እምቢ ያለ ሰው ላስታ ውስጥ ማን ለሠርጉ ይመጣለታል? ማንስ ይቀብረዋል?

"ትቻለሁ" አለ።

ከበጉ የተረፈልን ጅራቱ ነበር። አራጌ የአጎቴን ትከሻ ሳመ፣ ጠላ ወረደ፣ ሁሉም ደስ አለው። በመንገድ ላይ፣ ለምን ተውህለት ብዬ ጮኽሁበት። አያ ፈንቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ።

"ዳኝነቱን ረታሁ" አለኝ። "ዕርቅን ግን ማን ይረታል?"

ገና መጣ። ቀዩ ራዲዮ በየተሳላሚው ትከሻ ላይ እየዘፈነ ሄደ፤ የኛዎቹ ከነሣጥናቸው ቀሩ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ አጎቴ ሱቁን ዘግቶ ኮምቦልቻ ቅጥር ሥራ ፍለጋ ወረደ፤ እኔም ብዙ አልቆየሁም። ከዚያ በኋላ አራጌ ገበያውን ብቻውን ሲይዘው ዋጋውን ሰቀለ ብል ታሪኬ ባማረልኝ፤ የምጣኔ ሀብት መጻሕፍትም ይደግፉኝ ነበር። አልሰቀለም። እንደ ረከሰ ኖረ፣ የላስታ ሰው ሁሉ ራዲዮ ሰማ። ሲበላሽ ግን የሚከፍተው ስላልነበረ ይጥለዋል፣ ሌላ ይገዛል።

ጠጋኙ ይህን ሁሉ የሰማኝ የስልኬን ሆድ እየጎረጎረ ነው።

"ታዲያ ማን ረታ?"

"አጎቴ።"

"ሱቁስ?"

"ተዘጋ።"

ቀና ብሎ ቴሌቪዥኑን አየ። ዜናው ከክሱ ወደ ድርድሩ አልፏል፤ ከረባት ያሰሩ ሰዎች ፈገግ ብለው ይጨባበጣሉ። "እንኳንም ታረቁ" አለ ልጁ ከልቡ። እኔ ዓይኔን ከተጨባበጡት ሰዎች ኋላ ልኬ፣ በዚያ ሁሉ ፈገግታ መካከል "ትቻለሁ" ያለውን ሰው ፊት ፈለግሁ። አላሳዩትም።