ክንዱ ከዜማው ቀደመ

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑ ደርግ፣ ወቅቱ ዐቢይ ጾም። ታላቅ ወንድሜን አያ ጥበቡን ይዤ ከቆላ ድባ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ልወጣ ነው።

አያ ጥበቡ ደብተራ ነው። ካቻምና ከበቅሎ ወድቆ የቀኝ ክንዱ ነርቭ ተበጠሰ። ጣቶቹ ይጨብጣሉ፤ ክንዱ ግን አይታጠፍም። አምና ሰኔ ላይ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ከጎድኖቹ መሐል ለመተንፈስ የሚያግዙ ነርቮች ወስዶ ከክንዱ ጋር ሰፋለት። «አየር በረዥሙ ስትስብ ክንድህ ይታጠፋል፤ ተለማመድ» አለው። እስካሁን ግን ንቅንቅ አላለም። ተስፋ ቆርጦም ጸናጽሉን «ለፋሲካ ማኅሌት አንተ ቁምበት» ብሎ ለአጎታችን ልጅ ለፈንታ ሰጥቶታል።

ንጋት፣ ከቆላ ድባ ስንነሳ

የሽምብራ ጆንያ በጫነ ማኪና ላይ ተሳፍረናል። ግራና ቀኙ የደንቢያ ጥቁር አፈር፣ ብርዱ አጥንት ይገባል።

«አያ፣ ምነው አትለማመድም?»

ትንሽ አየር ስቦ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ ሻማ እንዳይጠፋበት የፈራ ይመስል። ከወደቀ ወዲህ ዜማ አንስቶ አያውቅም። «ጸናጽል የማይዝ ደብተራ ምን ያዜማል?» ይላል።

ረፋድ፣ አዘዞ ኬላ

«ውረዱ! እጅ ወደ ላይ!»

ተሳፋሪው ሁሉ እጁን ሰቀለ፤ አያ ጥበቡ አንዱን ብቻ።

«ሁለቱንም፣ አንተ!»

«ጓድ፣ ጎንደር የምንወጣው እኮ ለእሷው ነው» አልኩት።

ወታደሩ ሳቁን ዋጠ። «እለፉ። ስትመለሱ ሁለቱንም አያለሁ!»

ቀትር፣ ጎንደር

ፒያሳ የስኳር ሰልፉ እንደ እባብ ተጠማዟል። ሆስፒታል ገብተን ያው ፈረንጅ ሐኪም ወንድሜን አልጋ ላይ አስተኛው። «አየር ሳብ» አለው። ሳበ። ምንም።

ሐኪሙ አልደነገጠም። የወንድሜ ሥራ ምን እንደሆነ በምታስተረጉምለት ነርስ በኩል ጠየቀና ፊቱ በራ። «አዚም በለው» አላት።

«እዚህ? ሆስፒታል ውስጥ?» አለ አያ ጥበቡ።

«አዚምልን እንጂ» አሉ ከጎኑ የተኙ እግራቸው የተሰበረ ሽማግሌ፤ «ከሬዲዮው ዜና ይሻላል።»

ክፍሉ ሳቀ። አያ ጥበቡ ዓይኑን ጨፈነ፤ እንደ ድሮው፣ ረዥሙን ዜማ በአንድ ትንፋሽ እንደሚያወጣበት ጊዜ፣ ደረቱን ሞልቶ ሳበ። ድምፁ ሳይወጣ ክንዱ ቀደመ! የክንዱ ጡንቻ ተወጠረ፤ እጁ ከፍራሹ ጣት ያህል ተነሳ።

«ነርቩ ደርሷል» አለ ሐኪሙ። «ትንሽ ትንሽ ስትስብ ነው ያልነቃው። እያዜምክ ተለማመድ፤ ይጠነክራል።»

እኔ አለቀስኩ። ሽማግሌው ግን «ዜማውስ የት ቀረ?» ብለው ተቆጡ፤ አዜመላቸው።

ከሰዓት፣ መልስ

አያ ጥበቡ መንገዱን ሙሉ አየር ይስባል፣ ያዜማል። ሹፌሩ «ይኼን ሰውዬ ምን አቀመሱት?» ይላል።

ኬላው ላይ ያው ወታደር ቆሟል። «እህ፣ ሁለተኛዋስ?»

ወንድሜ ደረቱን ሞላ። ክንዱ ትንሽ ታጠፈች።

«ይቺው ናት?»

«ለዛሬ ይቺው ናት» አለ አያ ጥበቡ።

«ሸጋ ናት። እለፉ።»

ቆላ ድባ ስንደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። እናታችን እየጠበቀች ስለነበር እኔ ወደ ቤት ሮጥኩ። አያ ጥበቡ ግን መጀመሪያ ፈንታ ቤት ሄዶ ጸናጽሉን መልሶ ተቀበለ።