ክብደቱ ሲነሳ

ሊወስዱኝ ሲመጡ ለፊዚክስ ሙከራ በሰቀልነው ሞላ ላይ አራት ክብደት ተንጠልጥሎ ነበር። ሁለቱ ሰዎች የላብራቶሪውን በር አንኳኩተው ነው የገቡት። በኋላ ካየሁት ጋር ሳስተያየው ጨዋዎች ነበሩ። አንደኛው «መምህር፣ ለአንድ ጥያቄ እንፈልግዎት ነበር» አለኝ። ጥያቄው በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስቼ ስለተናገርኩት ነገር ነው፤ አንድ ጥያቄ ስንት ወር እንደሚፈጅ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ትምህርት ቤታችን ካዛንቺስ ነበር። ላብራቶሪው ከመንገዱ ጎን ስለሆነ «ለገሃር! ለገሃር!» የሚለው የታክሲ ረዳት ከኔ በላይ ይሰማል። የዕለቱ ሙከራ የሞላን ግትርነት መለካት ነው። ሞላውን ከብረት ማቆሚያው ላይ ትሰቅላለህ፣ ከጎኑ ማስመሪያ ታቆማለህ፣ ክብደት አንድ በአንድ እየጨመርክ ምን ያህል እንደተለጠጠ ትጽፋለህ። አብዛኛው መምህር እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ሲጫን የለካ ሲነሳም ይለካል ባይ ነኝ። ክብደቱን አንድ በአንድ አውርደህ ሞላው ወደ መነሻው መመለሱን ካላየህ፣ ሞላውን ገና አታውቀውም። ተማሪዎቼ በዚህ ድርቅናዬ ይቀልዱብኝ ነበር።

ያን ቀን ጭነን ጨርሰን ነበር። ማውረድ ልንጀምር ስንል ወጣሁ። በሩ ላይ ዞር ብዬ ሳይ ተማሪዎቼ ሁሉ ቆመዋል።

የገባሁበት የእስር ክፍል የእርጥብ ብርድ ልብስና ያደረ ወጥ ሽታ ነበረው። ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር በር ላይ ተቀበሉኝ። ሚስቴ በየቀኑ ላንቻ ካለው ቤታችን ስንቅ ታመጣልኝ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ከአጥር ወዲያ ቆማ እጇን ስታወዛውዝ አያታለሁ። እሷ ትናፍቀኛለች፤ ግን ሳያት ይቀለኝ ነበር። የማይቀለኝ የላብራቶሪው ናፍቆት ነው። የወንበሩ መንጓጓት፣ ከኋላ የሚሳሳቁት፣ «ቲቸር፣ ይሄ ስንት ነው የሚነበበው?» የሚለኝ ድምፅ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ፣ ለሰው ለመናገር እያፈርኩ፣ አንድ ነገር ይበላኝ ነበር፦ ልጆቹ ፈርተው ሞላውን እንደተንጠለጠለ ጥለውት ሄደው ይሆን? ያስተማርኳቸው ሁሉ በኔ መወሰድ ቢያልቅስ?

በክፍሉ ደንብ ከምሳ በኋላ አንድ ሰው የሚያውቀውን ያስተምራል። አንዱ ስለ ሞተር አስተማረ፣ አንዱ ስለ ዋስትና ሕግ፤ እሱ ራሱ ዋስትና ተከልክሎ ነው ያለው። ተራ የሚሰጡት የክፍሉ አለቃ፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን።

«መምህር፣ ዛሬ ያንተ ነው» አሉኝ። «ጥቁር ሰሌዳ የለም ብለህ እንዳትለግም።»

አጠገቤ የሚተኛውን ጎረምሳ የቱታውን ወገብ ላስቲክ ለመንኩት። ሳቀብኝ፣ ግን መዝዞ ሰጠኝ፤ ቱታውን በፌስታል አሰረው። ላስቲኩን ከመስኮቱ ብረት ላይ ሰቀልኩ፣ ጫፉ ላይ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አንጠለጠልኩ። አሥር ክዳን ውሃ እንደ አንድ ክብደት ቆጠርን። ፕላስቲኩ የደረሰበትን በሳሙና ቁራጭ ግድግዳው ላይ አሰምራለሁ፣ በጣቴም እለካለሁ። መጻፊያ ስለሌለን ጋሼ በቃላቸው ይይዛሉ። «አሁንስ የት ይደርሳል?» እያልኩ ስጠይቅ ሁሉም ተነስቶ ግድግዳውን ከበበ። ከገባሁ ጀምሮ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። አራተኛውን ጭነን እንዳበቃን በሩ ተከፈተ።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ጠባቂው። «አሁኑኑ አውርደው!»

ሁሉም ወደየፍራሹ ተመለሰ።

«አወርደዋለሁ ሳጅን» አልኩት። «ግን አንድ በአንድ ነው የሚወርደው።»

መልሱን ሳልጠብቅ ከፕላስቲኩ አሥር ክዳን ውሃ ቀነስኩ። ፕላስቲኩን መልሼ ሰቀልኩ፣ ለካሁ። «ሰባት ጣት» አልኩ።

«ሰባት ጣት» አሉ ጋሼ ከተቀመጡበት።

ደግሞ አሥር ክዳን። ጠባቂው ቁልፉን ይዞ ቆሟል። እንደሚመታኝ እየጠበቅሁ ግማሹን ውሃ እግሬ ላይ አፈሰስኩት፤ ሌላ ቀን ቢሆን ልኬቱን እሰርዘው ነበር። ባዶ እስኪሆን ድረስ አወረድኩ።

«ተመለሰ?» አለ ጠባቂው።

«ትንሽ ቀረው» አልኩት። «ላስቲክ እንደ ብረት ሞላ አይደለም።»

«ቱታዬም አብሮ ቀረ» አለ ጎረምሳው ፌስታሉን እያጠበቀ። ጠባቂው ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ላስቲኩን ኪሱ ከቶ በሩን ቆለፈብን።

ስፈታ በቦታዬ ሌላ መምህር ተቀጥሮ ነበር። ሰፈሩም ብዙው ፈርሶ ተማሪዎቼ ከነቤተሰባቸው ወደ ከተማው ዳር ወጥተዋል። አሁን ላንቻ አካባቢ ልጆች አስጠናለሁ። ካዛንቺስ ስደርስ እግሬ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ።

በቀደም ለገሃር የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ «ቲቸር!» የሚል ሰማሁ። ያን ቀን ላብራቶሪው ውስጥ ከነበሩት ተማሪዎቼ አንዷ ናት፤ የቢሮ ባጅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ስለ እናቷ ጠየቅኳት፣ ስለ ሥራዋ ጠየቅኳት። ከዚያ በላይ መታገስ አልቻልኩም።

«ያን ቀን እኔ ስወጣ ምን አደረጋችሁ?»

«መጀመሪያ ባለንበት ቆምን» አለች። «የተወሰኑት ያለቅሱ ነበር። ከዛ አንዱ ልጅ፣ ማለቴ እየቀለደ አይደለም፣ ‹ሳናወርደው ከሄድን ቲቸር አያሳልፉንም› አለ። በቃ፣ አወረድነው። አንድ በአንድ፣ እየጻፍን።»

«ማን ሊያርምላችሁ?»

«እሱን አላሰብነውም።»

«ተመለሰ?»

«ተመለሰ ቲቸር። ልክ የተነሳበት ላይ።»

«ወረቀቱስ?»

«ቤት ስንለቅ ጠፋ መሰለኝ።»

«እንግዲያው ግማሽ ነጥብ ይቀነሳል» አልኳት።

ሳቀች። እኔም ልስቅ ስል እንባዬ ቀደመኝ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከኋላችን ያሉትን «እናንተ እለፉ» አለቻቸው፤ ቦርሳዬንም ተቀብላኝ አጠገቤ ቆመች።