ሻንሶን ለማስቀረት የተላከ ሽምግልና

በዚያ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ከአገራችን ርቀን በምንኖርባት ከተማ፣ ቡጎሎቢ ሰፈር በሚገኘው አፓርታማ ሳሎን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ አየር መንገድ ውስጥ የሚሠራው የቤቱ ጌታ፣ ባለቤቱና አንዲት ልጃቸው፤ ከኤምባሲ ጡረታ የወጡ፣ ጡረታ መውጣታቸው ግን ገና ያልተነገራቸው የሚመስሉ ዲፕሎማት፤ የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀ መንበር፤ ኪሰንዪ ገበያ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ኤርትራዊ ነጋዴ፤ በመጨረሻም እኔ። አራታችን ሽማግሌዎች ነበርን። ዕድሜያችንን ማለቴ አይደለም፤ ተልከን ነበር ማለቴ ነው።

የላከን አባትየው ነው፤ ወደ ገዛ ልጁ፣ በገዛ ቤቱ። ሽማግሌ ለጋብቻና ለዕርቅ ሲላክ አይቻለሁ። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሲላክ ግን ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር። ልጅቷ ከምትሠራበት ዓለም አቀፍ ድርጅት ሰኞ ጠዋት ልትለቅ ወስናለች፤ ምክንያቷም ራሷ የምትሠራው ዘፈን ነው። ዘፈኑ በኮምፒውተር የሚቀነባበር ሲሆን መንገዱን የወሰደው ከፈረንሳዮች ሻንሶን ነው፤ ዘፋኙ ከመዝፈን ይልቅ የሚያወጋ ከሚመስልበት፣ ቃል ከዜማ ከሚቀድምበት። አባትየው ፈረንሳይኛ ያስተማራት ጄኔቫ ትደርስልኛለች ብሎ ነበር። ቋንቋ ሲገባ ዘፈኑን አስከትሎ እንደሚገባ ያስመዘገባት ዕለት ማንም አላስጠነቀቀውም።

እኔ የተመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ፈረንሳይኛ ሳስተምርና ስተረጉም ኖሬአለሁ፤ ደግሞም አልናገርም። በማኅበረሰባችን ስብሰባዎች ብዙ ዘመን ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ፤ ዝምታዬንም እያንዳንዱ ሰው ከእርሱ ሐሳብ ጋር እንደ መስማማት ሲቆጥረው ኖሯል። እንዲህ ያለ ምሁር ለሽምግልና እጅግ ይመቻል።

ሥርዓቱ እንደሚያዘው ቆምን። እናትየዋ ጠረጴዛው ላይ ዶሮ ወጥ፣ ለነጋዴውም የሚወደውን ማቶኬ፣ የተቀቀለ ሙዝ፣ አቅርባለች። ዲፕሎማቱ ምግቡን በሐዘኔታ ከተመለከቱ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የመጣንበትን ካልሰጣችሁን አንቀመጥም፤ እህልም አንቀምስም» አሉ። ከዚያም ወደ ልጅቷ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ካንቺ የምንፈልገው አንድ ቃል ነው። ትቼዋለሁ በይንና እንብላ።»

«ጋሼ፣ ምኑን ነው የምተወው? ሰምታችሁታል?»

አልሰማነውም። ሊቀ መንበሩ ዘፈን ሁሉ አንድ እንደ ሆነ፣ ክርስቲያን ሳይሰማው ሊፈርድበት እንደሚችል አስረዱ።

«እንግዲያው ስሙት» አለች። «ከሰማችሁት በኋላ አራታችሁም በአንድ ቃል ተይው ካላችሁኝ እተወዋለሁ። ሰኞም ሥራዬ ላይ እገኛለሁ።»

ዲፕሎማቱ ንግግሯን ሳትጨርስ ተስማሙ። የሽማግሌ ቃል ተለያይቶ አያውቅም፤ ቢለያይም በር ላይ ነው፣ ባለጉዳዩ ፊት አይደለም። አባትየው እፎይ ሲል አየሁት። ልጅቷ ኮምፒውተሩን ከፈተች።

መጀመሪያ የመጣው ምት ነው፤ የታመመ ማቀዝቀዣ ልቡ ቢመታ እንደዚያ ይመታል። ከላዩ አኮርዲዮን የሚያስመስል፣ አኮርዲዮን አለመሆኑን ግን የማይሸሽግ ድምፅ ተነጠፈ። ፈረንሳይን ያላየ ሰው ሁሉ ፈረንሳይን የሚያውቃት በአኮርዲዮን ነው፤ ያችኛዋን ፈረንሳይ ኮምፒውተሩም ያውቃታል። ልሳለቅ ተዘጋጅቼ ሳለ ልጅቷ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ለአንድ ሰው ብቻ እንደምታወራ፣ በአማርኛ ጀመረች፦

ናካዋ ላይ ቆመን፣ መኪናውም ቆሟል፤
ጠባችን ብቻውን መንገድ አግኝቶ ይሄዳል።
ቦዳ ጠርቼ ልወርድ በሩን ይዣለሁ፤
ከወረድሁ ግን ከማን ጋር እጣላለሁ?

ዘፈኑን ጨረሰች። 

«ናካዋ?» አሉ ዲፕሎማቱ። «በፍቅር ዘፈን ውስጥ የናካዋ የመኪና መጨናነቅና የቦዳ ሞተር ሳይክል ምን ይሠራሉ? እኔ ጂቡቲ በተመደብሁበት ጊዜ ሻንሶን ሰምቻለሁ። ሻንሶን ክብር አለው! ወንዝ አለው፣ ድልድይ አለው፣ የዝናብ ኮት አለው። ደግሞስ ፍቅሩ የታለ? ከማን ጋር እጣላለሁ ብላ ታለቅሳለች እንጂ!»

«ፍቅሩማ እሱ ነው!» ነጋዴው ሳቁ አመለጠው። «እኔና ባለቤቴ በዚያው መንገድ ላይ ነው ትዳራችንን ያቆየነው። መንገዱ ቢከፈት ኖሮ ድሮ ተፋትተን ነበር። ጓለይ፣ ልጄ፣ እስቲ ድገሚው።»

«አይደገምም!» አሉ ሊቀ መንበሩ። «እርስዎ ሽማግሌ ነዎት ወይስ ታዳሚ?»

«ሽማግሌ ነኝ» አለ ነጋዴው ሳቁን ዋጥ አድርጎ፤ የሽማግሎቹን አንድ ቃል ማፍረስ ፈርቷል። «ተይው በሚለው... እንግዲህ ከብዙኃኑ ጋር ነኝ።»

ቀረሁ እኔ። አባትየው ፍርዱን እንደ ተቀበለ ሰው ወንበር መሳብ ጀምሮ ነበር። ዲፕሎማቱ፣ «የእርሳቸው የታወቀ ነው» ብለው ወደ ምግቡ ተራመዱ። ዝምታዬን አስቀድመው ፈርመውበታል። ያን ጊዜ ልጅቷን ተመለከትሁ፤ ሰኞ ወደ ቢሮ ለመሄድ ፊቷን እያዘጋጀች ነበር። ስሜትን በአደባባይ መግለጥ አልወድም። ስለዚህ የተናገርሁት ስለ ሥራው ብቻ ነው።

«በሦስተኛው ስንኝ ላይ ከበሮው ይበዛል» አልሁ። «ቃሉ ሊደርስ ሲል አፉን ይዘጋበታል። የሚያወጋ ሰው በጆሮው ስር ከበሮ አይመታበትም። ቀንሽው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የቤት ዕቃ ቢናገር ከዚያ የበለጠ አይደነግጡም።

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ። «ግን ስቀንሰው ራቁቴን የቀረሁ ይመስለኛል።»

«ሻንሶን እንደዚያ ነው። ራቁት መቆሙን ልመጂ።»

ሊቀ መንበሩ ራቁት የሚለው ቃል በተነገረበት ቤት መቆየት ስላልቻሉ ባርኔጣቸውን አነሡ።

«ይቆዩ፣ ይቆዩ!» አለ አባትየው። ወደ እኔም ዞሮ፣ «ወንድሜ፣ በአንድ ቃል ተናገር። ትተወው ነው የምትለው ወይስ አትተወው?»

«ከበሮውን ትቀንሰው ነው የምለው። የሚተው ነገር አይታረምም፤ እኔ አርሜአለሁ።»

«ፈረንሳይኛ ያውቃል ብዬ እኮ ነው ያመጣሁህ!»

ለአንድ ቀን በቂ ተናግሬ ነበር። ዲፕሎማቱ የመጣንበት ስላልተሰጠን ሥርዓቱ እንደሚከለክላቸው ተናግረው፣ ዶሮውን ለመጨረሻ ጊዜ አይተው ወጡ። ሊቀ መንበሩም ተከተሏቸው። አባትየው እንግዳ ሳይሸኝ የማይቀር ጨዋ ሰው ስለ ሆነ አብሮ ወረደ፤ ከመስኮቱ ስር የውይይታቸው ድምፅ ይሰማን ነበር፤ ማለቂያ አልነበረውም።

ነጋዴው ግራና ቀኝ ተመለከተ። «ሽምግልናው ፈርሷል አይደል? እንግዲያው አንበላም ያልነውም ተፈቷል ማለት ነው» አለና ተቀመጠ። እናትየዋ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ማንም ያላማከራት፣ ሳህን ለልጇ አቀረበችና፣ «ብዪ። ሰኞ ባዶ ሆድሽን ሄደሽ አትለቂም» አለቻት።

ልጅቷ በቀኝ እጇ እየበላች በግራዋ ከበሮውን ስትቀንስ፣ በማዕዱ ዙሪያ የቀረነው አራት ነበርን።