ከጠርዝ የሚጀምር ሰው

ባለቤቴ ፎቶ የሚያየው ከጠርዙ ጀምሮ ነው። ሙሽሪት መሃል ላይ አምራ ቆማ፣ እሱ ጥግ ላይ ሰሃን የያዘውን አሳላፊ ይመረምራል። ስንተዋወቅ ይህ ነገሩ ከነከነኝ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከከነከነኝ ሥሩን ሳልነቅል አላርፍም።

የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሱ ፎቶ አንሺ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው የተማሪዎች መታወቂያ፣ የምረቃ ፎቶ፣ ለሳይንስ መምህራን ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ ያለ እንሽላሊት ማንሳት ነበር። ፎቶ ሊነሱ ከሚመጡት የፋኩልቲ ዲኖች ይልቅ እንሽላሊቶቹን ይወድ ነበር፤ ልክ ሲነሱ ዓይናቸውን አይጨፍኑማ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን እኔ ወደምሠራበት ምድር ቤት ይወርድና አቧራ የጠገቡ የድሮ ፎቶ ሣጥኖች አስከፍቶ፣ በማጉያ መነጽር ጠርዝ ጠርዙን ይፈልጋል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረገ። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ እኔን ብሎ የሚመጣ መስሎኝ ፀጉሬን እየተሠራሁ እጠብቀው ነበር።

አንድ ቀን ሣጥኑ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩበት። የሚፈልገውን ካልነገረኝ እንደማልነሳ ስነግረው መነጽሩን ኪሱ ከተተና አወራኝ።

አሥራ ሦስት ዓመቱ ላይ አንድ ጎረቤት አሮጌ ካሜራ ሰጠው። የጀርባ ክዳኑ አልዘጋ ይል ነበር። አባቱ አናጺ ነበርና ከቁም ሣጥን ማጠፊያ የተረፈ ብረት ሞርዶ መቀርቀሪያ አበጀለት። ፊልም መግዣ ግን አልነበረም። ልጁ ይህን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ድመቱን፣ ደረጃውን፣ የተሰጣውን ልብስ ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ ይውላል። አባቱ ፊልም አለው ወይ ብሎ ሲጠይቀው ልጁ አፍሮ፣ አዎ አለው፣ አለ። ከዚያ በኋላ አባትየው እሁድ እሁድ ጠዋት ኮቱን ለብሶ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥለት ጀመር። ፎቶውስ ሲባል፣ ልጁ ሊታጠብ ሄዷል ይላል።

በዓመቱ አባቱ ድንገት ሞተ። ቤቱ ውስጥ አንድም ፎቶ አልነበረውም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የባለቤቴ ግን እያደር ከበደበት። ለእናቱ እንኳ አልተናገረም። የዩኒቨርሲቲውን ትልቅ አዳራሽ አግዳሚዎች የሠራው አባቱ እንደነበር ያውቃል። አዳራሹ ሲመረቅ ፎቶ አንሺ ነበር መባሉን ሰምቶ ነው እዚያ የተቀጠረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቱን ፊት በየፎቶው ጠርዝ ሁለት ሆነን ፈለግን። ያገኘሁትም እኔ ነኝ፤ ይህን በየአጋጣሚው አስታውሰዋለሁ። ትልልቅ ሰዎች ሪባን ይቆርጣሉ። በስተግራ ጠርዙ ላይ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ሰው ቆሟል። ፎቶው ለሁለት ከፍሎታል፤ አንድ ዓይን፣ ግማሽ ጢም፣ ያ እርሳስ። ባለቤቴ ብዙ ካየ በኋላ ግማሹ ቀረ ብሎ አለቀሰ። አብሬው አለቀስኩ። ከአራት ወር በኋላ ተጋባን።

ዓመታት አልፈው ዩኒቨርሲቲውን ለቀቀና የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። ግማሹን ፊት አሳድጎ ከደንበኞች መቀመጫ ፊት ለፊት ሰቀለው። በመክፈቻው ቀን አማቴ መጡ። ፎቶው ፊት ቆመው በመሐረባቸው መስታወቱን ጠረጉት። ባለቤቴ አጠገባቸው ሄዶ ቆመ።

"እማዬ፣ ያ ካሜራ ፊልም አልነበረውም። አባባን ዋሽቼዋለሁ" አላቸው።

አማቴ ዞር ብለው አዩት። "መቀርቀሪያውን የሠራው ማን ሆነና? አንተ ትምህርት ቤት ስትሄድ ላልቶ እንደሆነ እያለ ይከፍተው አልነበር? ባዶ መሆኑን ከመጀመሪያው ሳምንት ያውቃል።"

"ታዲያ ለምን ይቀመጥልኝ ነበር?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ያንን ኮት ያስተኩሰኝ ነበር።"

ባለቤቴ የደንበኞች መቀመጫ ላይ ቁጭ ብሎ ግማሹን ፊት ሲያይ ቆየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠርዙ ሳይሆን ከዓይኑ ጀምሮ ሲያይ አየሁት።

እንግዶቹ ሲሄዱ አሮጌውን ካሜራ ከመደርደሪያ አወረደና፣ "እስቲ ተቀመጪ" አለኝ።

በሕይወቴ ሳልጠይቅ የቀረሁት አንድ ነገር ቢኖር ፊልም አለው ወይ የሚለውን ነው። ኮቴን ከማንጠልጠያው አውርጄ ለበስኩ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፍኩና ተቀመጥኩ።