የቀጄላ ሥር

ሶሬቲ ቀጄላ በአንድ ቀን አርባ አይጥ የገደለችበት ጊዜ ነበር። የአይጧን ጅራት ትይዛለች፣ ማጅራቷ ላይ ብረት ታሳርፋለች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሳብ ነው። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አለቀ። የመጀመሪያው ሰሞን ምግብ አልወርድ ብሏት ከስታ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን እየገደለች ስለ ስኳር መወደድ ታወራለች።

ወደዚያ የመድኃኒት ምርምር ላቦራቶሪ የገባችው በጽዳት ሠራተኛነት ነው። እጇ እንደማይንቀጠቀጥ ያየ ዶክተር ሚሳኤል የሚባል ወጣት ተመራማሪ ወደ እንስሳት ክፍል አዛወራት። እዚያ ነጫጭ አይጦች በየሳጥኑ ይራባሉ። አንድ መድኃኒት ሰው አፍ ከመድረሱ በፊት ምን ያህሉ እንደሚያድን፣ ምን ያህሉ እንደሚገድል የሚታወቀው በእነሱ ነው። ሶሬቲ ትመዝናቸዋለች፣ መድኃኒቱን በቀጭን ቱቦ ጨጓራቸው ድረስ ታወርዳለች፣ የሆኑትን በየሰዓቱ ትጽፋለች፣ በመጨረሻም ትገድላቸዋለች።

የምትኖረው መካኒሳ አቦ፣ ከአባቷ ከአቶ ቀጄላ ጋር ነበር። አቶ ቀጄላ ከተማው ከመድረሱ በፊት ጀምሮ እዚያው ያረሱ ሰዎች ልጅ ናቸው። በስተርጅና የቀረቻቸው መሬት ሽንብራ የሚዘሩባት ቁራሽ ብቻ ነበረች። አገር የሚያውቃቸው ግን በእርሻቸው አይደለም፤ በውሻ መድኃኒታቸው ነው። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ከብስራተ ገብርኤልም ከነፋስ ስልክም ተደግፎ ይመጣል። እሳቸው ከጓሯቸው የሚቆፍሩትን አንድ ሥር ወቅጠው በባዶ ሆዱ በወተት ያጠጡታል። በሽተኛው ቀኑን ሙሉ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዱም ራሱን ይስታል። «መርዙ እየወጣ ነው» ይላሉ ግንባሩን ይዘው። ሥሩን ከአባታቸው፣ አባታቸውም ከአያታቸው ነው የተረከቡት። ስሙን ለማንም አይናገሩም።

ሶሬቲ በሥሩ ታምን ነበር። በሸክም የመጡ ሰዎች በእግራቸው ሲመለሱ እያየች ነው ያደገችው። ስለዚህ በ1987 ዓ.ም. ዶክተር ሚሳኤል የባህል መድኃኒቶችን መመርመር ሲጀምር፣ የአባቷን ሥር ያነሳችለት እሷው ራሷ ናት።

«አባ፣ ቢፈተን ይፈቅዳሉ?» አለቻቸው።

«ይፈተን! ፈረንጁም ይወቀው» አሉ በኩራት። ማንም እንዳይለየው ቅጠሉን አራግፈው፣ ሥሩን ዱቄት አድርገው በጨርቅ ቋጥረው ሰጧት።

መጀመሪያ የተሰጠው ለጤነኛ አይጦች ነበር። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሆዳቸው ተኮማተረ፤ ጀርባቸው እንደ ደጋን ተለመጠ። ብዙ ከወሰዱት ግማሾቹ አፋቸውን ከፍተው እየተንፈራገጡ ሞቱ። ሶሬቲ ሁሉንም ጻፈች። «ብርቱ መድኃኒት ብርቱ ነው» ብላ ራሷን አጽናናች።

ከዚያ ወደ እብድ ውሻ በሽታው ራሱ ሄዱ። ዶክተር ሚሳኤል መጀመሪያ ራሱም እሷም ክትባቱን እንዲወስዱ አደረገ፦ በእምብርት ዙሪያ አሥራ አራት መርፌ፣ በየቀኑ አንድ አንድ። ከዚያ በሽታው ከሞተ ውሻ አንጎል ተወስዶ በሠላሳ አይጦች ጭን ተወጋ። አሥሩ ውኃ ብቻ፣ አሥሩ ጥቂት ሥር፣ አሥሩ ብዙ ሥር ይሰጣቸው ጀመር። በሰባተኛው ቀን ጸጥ ብለው የኖሩት አይጦች እርስ በርስ ተቦጫጨቁ። የሳጥኑን ሽቦ ጥርሳቸው እስኪሰበር ነከሱ። የኋላ እግራቸው እየተጎተተ፣ ደም በደም ሆነው ወደቁ። ሶሬቲ ጠዋት ስትገባ ቀድማ የምታየው የአባቷን ሥር የወሰዱትን ነበር። «አንዷ እንኳ ትትረፍ» ትላለች። አንዷም አልተረፈችም።

«ይደገም» አለችው ዶክተር ሚሳኤልን።

ደገሙት። ያው ሆነ።

«ታዲያ እነዚያ የዳኑት ሰዎችስ?» ብላ ጠየቀችው።

«የሚናከስ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም ሶሬቲ» አላት። «እብድ ውሻ የነከሰውም ሁሉ አይታመምም። የዳኑት ሥሩን ባይጠጡም ይድኑ ነበር። በሽታው የገባበትን ግን ሥሩ አያቆመውም።»

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ግቢ ውስጥ እንጨት ሲፈልጡ አገኘቻቸው።

«አባ፣ ሥሩ አልሠራም። ሁሉም ሞቱ።»

«አይጥ ሰው ነው?»

«አይደለም። ግን ቁጥሩን ልንገርዎት፤ ውኃ ብቻ የተሰጣቸው እንኳ...»

አላስጨረሷትም። መጥረቢያውን ጥለው ካጠገባቸው ያለውን ፍልጥ አነሱና ጉንጯን መቷት። ወደቀች። ጀርባዋንም ደገሙላት። «የአባቶቼን ስም አይጥ ፊት አቀረብሽው!» እያሉ ነበር የሚመቷት። ሁለት ጥርሷን መሬት ላይ ተፍታ፣ ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ በዚያው ቀን ወጣች።

የተከራየችው ብዙም ሳትርቅ፣ አስረስ ጎሚስታ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ነበር። አስረስ ከወንድሙ ከከበበው ጋር አስፋልቱ ዳር ጎማ የሚጠግን፣ ሳቂታ ሰው ነው። ሚስቱ ተናኘ የሶሬቲን ጉንጭ ለሳምንት በጨው ውኃ አጠበችላት።

በ1988 ጥቅምት ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ቀይ ውሻ ለሃጩን እያዝረበረበ በአስፋልቱ መጣ። መንገድ ላይ ፍየል ቦጭቋል። አስረስ ተንበርክኮ ጎማ ሲያወልቅ ነበርና ቀና ሳይል ቀኝ እጁን ያዘው። ጮኸ። በግራ እጁ የጎማ መፍቻውን ብረት አንስቶ የውሻውን ጭንቅላት ደጋግሞ መታው። አጥንቱ ሲደቅ ተሰማ፤ ዓይኑ ወጣ፤ ውሻው ሞተ፤ መንጋጋው ግን አልላቀቅ አለ። ከበበው ብረቱን በጥርሶቹ መሃል አስገብቶ ፈልቅቆ ነው ያወጣው። የአስረስ መዳፍ ተበስቶ አጥንቱ ይታይ ነበር።

ሶሬቲ ከሥራ ስትመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሰዉን ገፍታ ገባችና የአስረስን እጅ በሳሙና ለረጅም ጊዜ አጠበችው።

«ነገ በጠዋት መርፌውን ትጀምራለህ» አለችው።

«ሆዴ ላይ አሥራ አራት መርፌ? አባትሽ እዚሁ አጠገቤ እያሉ?»

«አስረስ፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርህ።»

ከበበው ጣልቃ ገባ፦ «ከአባቷ የተጣላች ሰው ምክር አንሰማም!»

ሶሬቲ ቦዩ ውስጥ ወደተጣለው ውሻ ሄደች፤ ጭንቅላቱን በመጥረቢያ ቆርጣ፣ በፌስታል ደራርባ ጠቀለለችው። በማግስቱ ማለዳ ላቦራቶሪ ወሰደችው። አንጎሉ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሽታው ነበረበት። እኩለ ቀን ላይ እየሮጠች አባቷ ግቢ ስትደርስ፣ አስረስ የሥሩን ኩባያ ወደ አፉ ሊያስጠጋ ነው።

«ውሻው እብድ ነው! ታይቷል!» ብላ ኩባያውን በጥፊ መታችው። ወተቱ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ከበበው ፀጉሯን ጨብጦ ከግቢው ጎትቶ አወጣት። ጉልበቷ ድንጋይ ላይ ተላጠ። ከአጥሩ ውጭ ሆና አባቷ «ሌላ ወተት አምጡ» ሲሉ ሰማች።

አስረስ ጠጣ። ሁለት ቀን ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ቆይቶ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። በሶሬቲ በር ሲያልፍ የታሸገ እጁን እያሳየ «አየሽ?» አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ እየሳቀ ነው ያላት። ሶሬቲ መርፌውን እንዲጀምር በየጠዋቱ ለመነችው። ቁስሉም ጠገገ።

በሠላሳ አራተኛው ቀን እጁን አሳከከው። በማግስቱ ውኃ ሊጠጣ ብርጭቆ ሲያነሣ ጉሮሮው ተናነቀና ብርጭቆውን ግድግዳው ላይ ወርውሮ ሰበረው። ከሰዓት በኋላ መስኮቱን በጭንቅላቱ ሰበረ፤ የበሩን መቃን ነከሰ፤ ሊይዘው የመጣ ጎረቤት ጣት ሰበረ። አምስት ወንዶች ተጋግዘው በጭነት ገመድ ከአልጋው ጋር አሰሩት። መሃል ላይ ደግሞ ልቡ ይመለስለታል። «ተናኘ፣ ልጆቹን አርቂልኝ» ይላል እያለቀሰ። ከዚያ ንፋስ ሲነካው እብደቱ ተመልሶ ይነሣበታል።

ከበበው አቶ ቀጄላን አመጣ። ሽማግሌው ኩባያቸውን ይዘው ጎንበስ ሲሉ አስረስ ክንዳቸውን ነከሰ። ሥጋው ተቦጭቆ ቀረ።

ሶሬቲ እየደማ ያለውን ክንድ በግድ ይዛ አጠበችው። «አሁኑኑ ለመርፌው እንሂድ አባ!»

«የራሴ መድኃኒት አለኝ» አሉና ሄዱ። ቤታቸው ገብተው የራሳቸውን ሥር ጠጡ።

አስረስ በሦስተኛው ቀን፣ ገመዱ የእጁን ቆዳ ገሽልጦት፣ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ሦስት ቀን ቆይቶ ከበበው የጎማ መፍቻውን ብረት ይዞ፣ የአጎቱን ልጅ አስከትሎ ተነሣ። ተናኘ ከሐዘን ድንኳኑ ሆና አየችው። «ሩጪ፣ አባትሽን ሊገድሉ ነው!» አለቻት ሶሬቲን። ሶሬቲ ስትደርስ አባቷ ወድቀዋል። የመጀመሪያው ምት ዓይናቸውን አጥፍቶታል፤ ሁለተኛው ጎናቸውን ሰብሮታል። የአጎቱ ልጅ በጫማው ይረግጣቸዋል። ሶሬቲ በላያቸው ተነጠፈች። ብረቱ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ አጥንቷ ሲሰበር ሰማችው። አይጦቿን ስትገድል የምትሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር።

«ተነሽ! አንቺን አልፈልግም!» ይላል ከበበው።

አልተነሣችም። ብረቱን እንደገና ሲያነሣ ተናኘ ጥቁር ለብሳ፣ ባዶ እግሯን ደረሰችና ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች።

«ከበበው! ይቺ ልጅ መርፌ ይውሰድ ስትል ፀጉሯን የጎተትካት አንተ አይደለህም? ሽማግሌውንስ ብትገድል አስረስ ይነሣልሃል?»

ከበበው ሊያስለቅቃት ታገለ። ከዚያ ብረቱን ጣለና መሬት ላይ ተቀምጦ የራሱን ፊት በቡጢ ይመታ ጀመር። እጁን ይዘው ነው ያስቆሙት።

አቶ ቀጄላን መደብ ላይ አስተኟቸው። ያልጠፋው ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ተተክሎ ነበር። ሶሬቲ የተሰበረ ትከሻዋን በነጠላ አስራ አጠገባቸው ተቀመጠች። 

«ውኃ ብቻ የተሰጣቸው አይጦች ስንት ቀን ቆዩ?» አሉ ሽማግሌው።

«እስከ አሥራ ሦስት ቀን።»

«የእኔን ሥር የጠጡትስ?»

«ብዙ የጠጡት በዘጠነኛው ቀን አልቀዋል።»

ከንፈራቸው ላይ የደረቀውን ደም በምላሳቸው አራሱት። «ብዙ የጠጡት» ብለው ደገሙት። ክንዳቸውን፣ አስረስ የነከሳቸውን ቦታ፣ አዩት። «አንሺኝ።»

በአንድ ታክሲ ሄዱ። እሳቸው ጎናቸውን ታስረው፣ እሷ ትከሻዋን ታስራ፣ ለአሥራ አራት ቀን በየቀኑ ለመርፌው ተመላለሱ። መርፌው ሆዳቸው ላይ ሲገባ አንድም ቀን አላቃሰቱም። በሽታውም አልወጣባቸውም።

ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤት ሲያስታርቁ አቶ ቀጄላ ቆመው ተናገሩ። «አስረስን የገደለው ውሻ ነው። መንገዱን የዘጋሁበት ግን እኔ ነኝ» አሉ። ከበበው እግራቸው ላይ ወደቀ። ተናኘ ግን «ይቅር ለእግዚአብሔር» ስትል ፊቷን አዙራ ነበር፤ ማንም አልተቀየማትም።

ሶሬቲ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቀኝ እጇ ከትከሻዋ በላይ አይነሣም፤ አይጥ ለመያዝ ግን አላስቸገራትም። ተናኘ ካላስለቀቀችኝ አልወጣም ብላ ያቺው ክፍል ውስጥ ቀረች። ተናኘም ውጪ አላለቻትም።

በጥር አንድ ሰው ከነፋስ ስልክ ውሻ የነከሳትን ሚስቱን ይዞ አቶ ቀጄላ በር መጣ። መድኃኒት የለኝም ሲሉት ለመነ። ከዚያ ተሳደበ። ከዚያ አንገታቸውን አንቆ ከአጥሩ ጋር አላተማቸው። ሽማግሌው አልታገሉትም። ሲለቃቸው ሸሚዛቸውን ገልጠው በሆዳቸው ላይ ገና ያልጠፋውን የመርፌ እብጠት ለሴትዮዋ አሳዩዋት።

«እኔን በሕይወት ያቆየኝ ይኸ መርፌ ነው ልጄ። ነይ፣ ታክሲ እስክታገኙ አብሬሽ እቆማለሁ።»

ሶሬቲ ይህን የሰማችው ከጎረቤት ነው። እሳቸው አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀቻቸውም።